ልጃችን መሐንዲስ ሆነች፤ ቀጥሎስ?

እኅቶቼ፣ ልጅ ያስመረቃችሁ እናቶች ሁሉ የምታውቁት አንድ ሳምንት አለ። ይኸውም የምርቃቱ ድግስ ባለቀ ማግሥት የሚጀምረው ሳምንት ነው። የተከራያችሁት ወንበር ተመልሷል፤ የተዋሳችሁት ድስት ታጥቦ ለባለቤቱ ተሰጥቷል፤ ጥቁር ካባ የለበሰችበት ፎቶግራፍ በመስተዋት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጅቱ ደግሞ ከፎቶግራፏ ሥር ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤትም «እንግዲህ ምን ያዘች?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የክፋት አይደለም። ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ የክፋት ይመስላል።

ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁት ያ ጥያቄ እኔን ምን እንዳሠራኝ ልነግራችሁ ነው። መካሪ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም ጥፋቱ የኔ ነበር።

ልጄ በሲቪል ምሕንድስና ለመማር ዩኒቨርሲቲ የገባችው በ2010 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ይፈጃል የተባለው ትምህርት በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ተጓተተ። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቀድሞ ለሕግና ለመሰሉት ጥቂት ሙያዎች ብቻ ይሰጥ የነበረው የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ሆነ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም ተባለ። በዚያ ክረምት በቤታችን እንቅልፍ የተኛ ሰው አልነበረም። አለፈች። እልልታው ከሁለት ቤት በላይ ተሰማ፤ እኔም መንገዱ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሥራ ፍለጋ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ከኔ ጋር እኩል ትነሣለች። አራት ኪሎ ሄዳ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ታነባለች፤ ጋዜጣ በኪራይ ለሚያስነብቡት ልጆች ከፍላ የሥራ ማስታወቂያውን ገጽ ታገላብጣለች፤ የቀረውን በቴሌግራም ትከታተላለች። የታክሲ፣ የፎቶ ኮፒ፣ እንደገና የታክሲ። ማስታወቂያው «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የሥራ ልምድ፦ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ» ይላል። «0 ዓመት» የሚል የወጣ እንደሆነ ለአራት ሰው ቦታ ሰልፉ አጥሩን ይዞራል። በአንድ ሥራ ተቋራጭ ቢሮ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ወረቀቷን አገላብጦ ካየ በኋላ «ሳይት ለሴት ይከብዳል፤ ቢሮ ሲገኝ እንጠራሻለን» ብሎ መለሳት። የሚበረታታው አመልካች የት ሄደ ብዬ ብቻዬን ሳስብ አመሸሁ።

በኛ ቤት ይህን ነገር ለመረዳት የከበደን ምክንያት አለን። ታላቅ ወንድሜ በ1974 ዓ.ም. አምስት ኪሎ ካለው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ በዚያው በሲቪል ምሕንድስና ሲመረቅ «ምን ያዘ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ ተመራቂውን የሚመድበው መንግሥት ነበር። የምደባው ዝርዝር ወጣ፤ ጎሬ ደረሰው። እናታችን ያለቀሰችው ሥራ አጣ ብላ ሳይሆን ጎሬ ሩቅ ነው ብላ ነው። አራት ዓመት በመንገድ ሥራ ላይ ጭቃ ሲረግጥ ከቆየ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላከ። ሥራ መፈለግ የሚባለውን ነገር በዕድሜው አላየውም። ስለዚህ ለልጄ ሊሰጣት የሚችለው ምክር እንደ ድሮ የአውቶቡስ ቲኬት ነበር፤ ጥሩ ወረቀት ነው፣ ግን የትም አያደርስም። (ይህን ስለው ይስቃል።)

የዛሬዎቹ ልጆች ሰልፍ ለምን እንደ ረዘመም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ልጆቻችንን ሰነፍ ከማለት ያድነናል። ደርግ ሲወድቅ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ የአዲስ አበባውና የዓለማያው። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ተወስኖ ስለ ነበር፣ በየክልሉ የምሕንድስና ተማሪ በብዛት ተመርቋል። ሕንጻው ግን በተመራቂው ልክ አልተሠራም። ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የሥራ ማመልከቻ ሁሉ በኔ እጅ ያልፋል፤ ቁጥር የምሰጠው፣ ፋይል የምከፍትለት እኔ ነኝ። አንድ መሐንዲስ እንፈልጋለን ተብሎ ማስታወቂያ ሲወጣ ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይመጣል። ከነዚያ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ውጤታቸው የሚያስቀና ነው። ኮሚቴው ግን «ልምድ» የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርስ ዜሮ ያገኝና ፋይሉን ከመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። አንዳንዴም «ይህን ብንቀጥረው ደመወዙ አነሰኝ ብሎ በስድስት ወሩ ይሄዳል» ተብሎ ይታለፋል። ይህን በዓይኔ ሳይ ኖሬአለሁ። በሰው ልጅ ፋይል ላይ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ነገር በራሴ ልጅ ላይ ሲሆን ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዕቁብ ደረሰኝ፤ 60,000 ብር። ብሩ ለጣራው ማስጠገኛ የታሰበ ነበር። እኔ ግን ልጄን ጠርቼ «ጣራው ይቆይ፤ ማስተርስሽን ቀጥዪ» አልኳት። እርሷ ወዲያው አልመለሰችም። «እማዬ፣ እስቲ ጥቂት ወር ልሞክር» አለች። እኔም «ሥራው እንደሆነ ይኸው እየራቀሽ ነው፤ ትምህርቱ ሳይረሳሽ፣ ዕድሜሽም ሳይገፋ ጨርሺው» አልኩ። በመሐል የትዳሩንም ነገር ጣል አደረግሁበት። ምክንያቴ ሁሉ ለጆሮ ጥሩ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ብናገር እኔ የፈለግሁት ዲግሪውን አልነበረም። ጎረቤት «ምን ያዘች?» ሲል «ትምህርት ላይ ናት» ብዬ የምመልሰውን ቃል ነበር የፈለግሁት። ያ ቃል 60,000 ብር የሚያወጣ መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ወንድሜ ለምሳ መጣ። እኔ በኩራት «ማስተርስ ልትጀምር ነው» አልኩት። ወጡን እያጠቀሰ ቀና ብሎ አያትና «በምን?» አላት።

«ምን በምን አለው፣ ጋሼ?»

«ማስተርሱን ነዋ። በስትራክቸር ነው? በአፈርና በመሠረት ነው? በውኃ ነው? በመንገድ ነው?»

ልጄ ወደኔ አየች። ከዚያም «ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ይሻላል ይላሉ» አለች።

«ማነው የሚለው? አስተዳድረሽ የማታውቂውን ሥራ አስተዳደሩን ልትማሪ ነው? ምን ልትጠዪቂበት?»

ዝም አለች። እኔ ተናደድሁ፤ ወንድሜን ምግቡን ጨርሶ እንዲሄድ እስከመመኘት ደርሼ ነበር። ሰውዬው ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር የጠየቀው። ሁለተኛ ዲግሪ እንደ መጀመሪያው ሁሉንም ነገር በጥቂቱ የሚያስጨብጥ አይደለም። ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ጊዜ የሚያልቀው በአንድ ነገር ላይ በሚደረግ ጥናት ነው። የሚጠየቅ ነገር የሌላት ልጅ ርእሱን ከመምህሯ ትለምናለች፤ የተሰጣትንም ጽፋ ታስረክባለች።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ደስ አይልም። በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ እርሷ ለፈተና ወጥታ ስልኳን በዘጋችበት ሰዓት፣ የኔ ስልክ ጮኸ። ልጄ በማመልከቻዋ ላይ የኔን ቁጥር ሁለተኛ አድርጋ አስመዝግባው ኖሯል። ደዋዩ የአንድ ሥራ ተቋራጭ ሠራተኛ ነበር። ከአዲስ አበባ ውጪ ላለ የሕንጻ ሥራ ጀማሪ መሐንዲስ እንፈልጋለን፤ በሁለት ቀን ውስጥ መጥታ ታናግረን አለኝ። የት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ነገረኝ። ሩቅ ነው። ልጄ የፕላስቲክ ቡት ጫማ አድርጋ በማላውቀው አገር ከማላውቃቸው ወንዶች መሐል ቆማ ታየችኝ። «ይቅርታ፣ ትምህርት ጀምራለች» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ለልጄ አልነገርኳትም። ማታ መጥታ እግሯን በሙቅ ውኃ ስትዘፈዝፍ፣ «ዛሬም ልምድ አሉ» ስትል አጠገቧ ነበርሁ። አልነገርኳትም። እኅቶቼ፣ ማብራሪያ አልጨምርበትም።

ሌላ ጥሪ እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሆሳዕና አካባቢ ለሚሠራ የትምህርት ቤት ሕንጻ ሳይት መሐንዲስ ሆና ተቀጠረች፤ ደመወዟ 8,000 ብር። ከዚያም ላይ የወጪ መጋራቱ መቆረጥ ጀመረ፤ እርሱ እንደምታውቁት ደመወዝ እስኪመጣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ዕዳ ነው። በዚያን ጊዜ ዕቁቡ አሁንም በእጄ ነበር። «ለዚህ ደመወዝ?» አልኩ። እርሷ ግን ሻንጣዋን ስታስር እያንጎራጎረች ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በስልክ ስናወራ ቃሏ አጭር ነበር። ፎርማኑ በዕድሜ አባቷን ያክላል፤ አርባ ዓመት አርማታ ሲያስሞላ የኖረ ሰው ነው። «ልጄ» ይላታል እንጂ «ኢንጂነር» አይላትም። ፌሮው አልተሰካም፣ ርቀቱ አልተጠበቀም ስትል «እሺ» ይልና ሙሌቱን ይጀምራል። አንድ ቀን ሙሌቱን አስቆመችው። ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ቆመ፤ ሚክሰሩ ግን መዞሩን አልተወም። በመጽሐፍ ላይ ፌሮ መቁጠርና ሠላሳ ሰው ቆሞ እያየሽ ፌሮ መቁጠር አንድ አይደለም አለችኝ። ቆጠረች፤ ሁለት ጎድሎ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ፎርማኑ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ራሱ ይጠራት ጀመር። መጥሪያው ግን አሁንም «ልጄ» ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው በስድስተኛው ወር ነው። አርማታ በተሞላ ቁጥር ከድብልቁ ናሙና ተወስዶ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሳጥን ይሞላል። ከዚያ ውኃ ውስጥ ይቆይና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። ልጆቹ «ኪዩብ» ይሉታል። የአንድ ሳምንት ሙሌት ኪዩብ በ28ኛው ቀን ሲሰበር ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። አማካሪ መሐንዲሱ መጥቶ ሁለት ምሰሶ እንዲፈርስ አዘዘ። ተቋራጩ ሲሚንቶው ነው አለ፤ ፎርማኑ ውኃው በዝቶ ነው አለ፤ ሁሉም ዘወር ብለው ጀማሪዋን አዩ። በዚያች ማታ ደውላ አለቀሰች። እኔም የነገርኳችሁ የጥሩ ስልክ ትዝ አለኝና «ነይ፣ ዕቁቡ አለ» ልላት አፌን ከከፈትሁ በኋላ መልሼ ዘጋሁት። ስለ ምን እንደዘጋሁት አላውቅም። ምናልባት አለቃቀሷ የደከማት ሰው ለቅሶ ስላልመሰለኝ ይሆናል። የተናደደች ሰው ለቅሶ ነበር።

ለመስቀል ቤት የመጣች ጊዜ ወስዳው የነበረ የማርማላታ ጠርሙስ አለኝ፤ ክዳኑ ጥብቅ ያለ፣ በርበሬ የማስቀምጥበት። በርበሬዬን ፌስታል ውስጥ ገልብጣ ነበር ይዛው የሄደችው። ለካ ለአሸዋ ኖሯል። አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ ይጨምሩና ውኃ ሞልተው ይንጡታል፤ ከዚያም ያስቀምጡታል። አሸዋው ከታች ይረጋል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ቀጭን የደለል ንጣፍ ይታያል። ያ ደለል አሸዋውን ይለብሰውና ከሲሚንቶው ጋር በደንብ እንዳይያያዝ ያደርገዋል፤ ውኃም ይጠጣል። በአገራችን የሥራ ልማድ ከ6 በመቶ የበለጠ ደለል ያለው አሸዋ ሳይታጠብ አይወሰድም። ልጄ የዚያን ሳምንቱን አሸዋ በበርበሬ ጠርሙሴ ስትለካው ከልኩ አልፎ ተገኘ። አሸዋው የመጣው ከለመዱት ወንዝ አልነበረም፤ ሹፌሩ የቀረበውን ነበር ያመጣው።

ከዚያ በኋላ የልጄ የስልክ ወሬ ሁሉ አሸዋ ሆነ። የዚህኛው ወንዝ እንዲህ ነው፣ የዚያኛው በክረምትና በበጋ ይለያያል፣ ቢታጠብ ስንት ውኃ ይፈጃል፣ ድንጋይ ተፈጭቶ በሚወጣው አሸዋ ቢተካ ዋጋው የት ይደርሳል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ስለዚህ ሁሉ መጽሐፍ የለም ወይ ብላት «አለ፤ የኛ ወንዞች ግን የሉበትም» አለችኝ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ ልጃቸው ከምርቃት ቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ የሄደችባቸው እናቶች እንዳይከፉብኝ አንድ ነገር ልናገር። ቀጥታ መቀጠል ስሕተት ነው አላልኩም። የጎረቤቴ ልጅ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ ማስተማር ነው የምፈልገው አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም በረዳትነት ቀጥሮ ደመወዝ እየከፈለ አስተማረው። ለርሱ ትምህርቱ ራሱ ሥራው ነው፤ ሳይት ላይ ሁለት ዓመት ቢያሳልፍ ጊዜውን ማባከን ይሆንበት ነበር። ሙሉ ወጪው የተሸፈነ ዕድል ያገኘችም፣ ርእሷን አንቀላፍታም የማትረሳው ልጅ ትሂድ። የኔ ነገር ሌላ ነው። ባዶ እጅ መቀመጥ ያሳፈረን እኛ እናቶች ልጆቻችንን ትምህርት ቤት እንደ ጓዳ ስንደብቃቸው ነው የምናገረው። ከጓዳው በሁለት ዓመቱ ይወጣል፤ ማስታወቂያውም እዚያው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ ያው «2 ዓመት ልምድ» ይላል።

ደግሞም ሥራ የያዘ ሰው ትምህርት ይቀርበታል የሚለው ፍርሃቴ እንኳ እንደገመትሁት አልነበረም። በከተማችን በማታና በቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አለ፤ በውጤት የሚገባበት አገር አቀፍ ፈተና ብቻ ማለፍ ያስፈልጋል። የውጭውን የነገረችኝ ራሷ ናት። የጀርመኑ ዳአድ ከልማት ጋር ለተያያዙ የትምህርት መስኮች የሚሰጠው የነጻ ትምህርት ዕድል ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ የሚባለውም እንደዚያው ሁለት ዓመት ይላል። በጥር ወር በዘጋሁት ስልክ የዘጋሁት የሥራውን በር ብቻ አለመሆኑን የተረዳሁት ይህን ስትነግረኝ ነው።

በ2018 ዓ.ም. ለገና መጣች። ጸሐይ አክስሏታል፤ መዳፏ እንደ አባቷ መዳፍ ሆኗል። ማታ ሁላችንም ከተኛን በኋላ ሳሎን ውስጥ ብርሃን አየሁና ተነሣሁ። ማመልከቻ እየሞላች ነበር። ግንቦት ላይ ሁለት ዓመቷ ይሞላል። አጠገቧ ተቀመጥሁና ስለ ስልኩ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ምን እንዳልኩም ጭምር።

ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ጠረጴዛውን አየች። «የት ነበር ሥራው?» አለች። ነገርኳት። «አራት ወር ሙሉ...» ብላ አቆመች። ከዚያም ወረቀቷን ሰብስባ ገብታ ተኛች። በማግሥቱ ቡናውን እርሷ አፈላች፤ የተናገረችው ነገር የለም። እኔም ይቅር ተብያለሁ ብዬ አልጻፍሁም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። በበግ ወጡ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ «እህስ፣ ማስተርሱ በምን ሆነ?» አላት።

ልጄ መልስ ሳትሰጠው ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ስትመለስ የኔን የማርማላታ ጠርሙስ ይዛ ነበር። አንድ ጊዜ ነቀነቀችውና ከእንጀራው ትሪ አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱም አጎንብሰው ደለሉ እስኪረጋ መጠበቅ ጀመሩ። ወጡ እየቀዘቀዘ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም። ጎረቤታችንም በበሩ ብቅ አሉና «ምን እያያችሁ ነው?» አሉ።

ዕቁቡ በመጨረሻ ለጣራው ሆነ፤ በርበሬው ግን አሁንም ፌስታል ውስጥ ነው።